የወንዙን ጸጉር የምታበጥረው ሴት

ሌላው ወንዝ ከየሸንተረሩ ተለቃቅሞ፣ ከየጎርፉ ተበድሮ ነው ወንዝ የሚሆነው። ይኸኛው ግን የአንድ ዓይን ልጅ ነው። ከጥቁር ቋጥኝ ሥር፣ የበር ስፋት ካለው ቀዳዳ ያለ ኮሽታ ይወጣል፤ ገና ከመወለዱ ሰው ያሰጥማል። ዝናብ አያደፈርሰውም፣ ፀሐይ አያጎድለውም። ከሥሩ ያለው ጠጠር ከላይ ሆነው ቢቆጥሩት ይቆጠራል። ለብርድም ለሙቀትም ፊት አይሰጥም፤ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ልክ ይኖራል። ሰው በሙቀት ወራት ሲገባበት «በረዶ ነው እኮ!» ብሎ ይጮኻል። ያው ሰው በብርድ ጠዋት እንፋሎቱ ሲጨስ አይቶ እጁን ይነክርና «ማን አሞቀው?» ይላል። ወንዙስ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰውየው ነው።

እትዬ ቦቲ ይህንኑ በዜማ ትለዋለች፦

የምንጭ ውሃ ጠባይ ይደንቃል ለሚያውቀው፣
ሲሞቅ የሚበርደው፣ ሲበርድ የሚሞቀው።

እትዬ ቦቲ የወንዙ ሣር አጫጅ ናት። ይህን ስም ያወጣላት እስከ ጭኗ የሚደርሰው የጎማ ቦቲዋ ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ተጫምታው ትወጣለች፤ ማታ በር ላይ ታወልቀዋለች፤ በመሐል ያለ ቦቲ ያያት የለም። ባለቤቷ ለመቀለድ ሲፈልግ፣ «እኔ እኮ ቁመቷን ያወቅሁት ከተጋባን በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ግማሿ ቦቲ ነበር» ይላል።

ሣር ሲባል የሜዳው ሣር አይደለም። በዚህ ወንዝ ሆድ ውስጥ እንደ ሴት ጸጉር የረዘመ፣ ለስላሳ፣ አረንጓዴ ሣር ይበቅላል፤ ውሃው ወደሄደበት ተኝቶ ቀኑን ሙሉ ሲውለበለብ ይውላል። ካልታጨደ ወንዙን ያንቀዋል፤ ዋናተኛውን ይጠልፋል። ስለዚህ አጫጅ ያስፈልገዋል። ከእሷ በፊት አጫጁ አባቷ ነበር። ወንድሟ «ዕድሜ ልኬን ረጥቤ አልኖርም» ብሎ መኪና መንዳት ሲማር፣ እጀታው ረጅም የሆነው ማጭድ ለሴቷ ልጅ ደረሰ።

ከማጭዱ ጋር የአባቷ ሕግም አብሮ ደረሳት። አጫጅ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ ውሃውን ፊት ለፊት ገጥሞ ይሄዳል፤ በእግሩ የቀሰቀሰው ጭቃ ወደ ኋላ እንዲቀር፣ ፊቱ ጥርት ብሎ እንዲታየው። እንደ ዳማ ገበታ አንዱን አጭዶ አንዱን ይተዋል፤ በታጨደው ሰው እንዲዋኝ፣ በተተወው ዓሣ እንዲሸሸግ። የታጨደውን በመንሽ ወደ ዳር አውጥቶ እስከ ማግሥቱ እዚያው ያሳድረዋል፤ ቀንድ አውጣውና ሌላው ጥቃቅን ፍጥረት ሁሉ እየዳኸ ወደ ውሃው እንዲመለስ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥር አይነካም። አባቷ ማጭዱን ሲያስረክባት «የተላጨ ጸጉር ተመልሶ ይበቅላል፤ የተገፈፈ ቆዳ ግን አይበቅልም» ብሏት ነበር። እሷም ከአባቷ ቃል ላይ ዜማ አወጣችለት፤ ውሃ ውስጥ ስትሆን ከአፏ የማይለየው ይህ ነበር፦

ከሥርሽ ሳልነካ ጸጉርሽን ላበጥር፣
አለቀ ዕድሜዬ ደጃፍሽን ስዞር።

ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረች። አንድ ሥር ሳትነካ።

ከላይኛው ድልድይ እስከ ታችኛው ድልድይ ያለው የወንዙ ክፍል መዝናኛ ነው። በበሩ ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ በመስኮቷ ውስጥ ትኬት ቆራጩ ባሏ ይቀመጣል። ሰውየው ከወንዙ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ሠላሳ ዓመት ሲቀመጥ አንድ ቀን እግሩን አልነከረም፤ ዋና አይችልም፣ ይፈራል። ሲያሾፉበት «ሻጭ ዕቃውን አይቀምስም» ብሎ ይመልሳል። ሰው ትኬቱን ቆርጦ ይገባና የወደደውን ያደርጋል። ሽማግሌዎች ሱሪያቸውን ጠቅልለው እግራቸውን ይነክራሉ፤ ወጣቶች ከድልድዩ ላይ ይዘላሉ፤ ቤተሰብ ደግሞ ጎማ ይከራያል። ጎማ የሚሉት የከባድ መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነው፤ ተነፍቶ፣ ገመድ ተደርጎለት፣ ሰው በላዩ ጋደም ይልበትና ወንዙ ራሱ እያንሳፈፈ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከላይኛው ድልድይ ወደ ታችኛው ያደርሰዋል። መቅዘፍ የለ፣ መንገድ መፈለግ የለ። ደክሞት የመጣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲሄድ፣ ከበታቹ ያ አረንጓዴ ጸጉር ሲሳብ፣ ፊቱ ላይ የሚነበበውን ዕረፍት እትዬ ቦቲ ከውሃው መሐል ቆማ ስታየው፣ የታጠፈ ወገቧ ይቃናላት ነበር።

የጎማዎቹ ባለቤት ጎሚስታው ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ጎማ ሲጠግን የኖረ ሰው ስለሆነ፣ የማይረቡ የተባሉትን ላስቲኮች እየሰበሰበ፣ እየለጠፈ፣ አርባ አድርሷቸዋል። እያንዳንዱን በቁስሉ ያውቀዋል፤ «ይኼ ሦስት ጊዜ ቆስሏል፣ ቀጭን ሰው ስጡት» ይላል። ከእትዬ ቦቲ ጋር በዚሁ ወንዝ ዳር አብረው ነው ያደጉት። እሷ «ወንድም ዓለም» ትለዋለች፣ እሱ «እህት ዓለም» ይላታል። ልጇን ዋና ያስተማረላት እሱ ነው፤ እሷ ማጭድ ይዛ ስትውል፣ እሱ ልጅቷን በጎማ ላይ አስቀምጦ ይጠብቅላት ነበር።

ያቺ ልጅ አድጋ፣ አግብታ፣ ከተማ ገብታ፣ የራሷን ልጅ ወለደች። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ሴት ልጇን ለአያቷ ታመጣላታለች። ነገሩ ሁሉ የተጀመረውም በዚህች ትንሽ ልጅ ነው።

ወንዙ መሐል ላይ ጉልበት አጥፎ እንደተቀመጠ ሰው የሚታጠፍበት ቦታ አለ። ሰፊ ነው፣ ውሃው እስከ ሕፃን ደረት ይደርሳል፣ ልጆች ዋና የሚማሩት እዚያ ነው። አያት የልጅ ልጇን በስድስት ዓመቷ እዚያ ወሰደቻት። ትንሿ አንድ እግሯን አስገባች፤ ሣሩ ቁርጭምጭሚቷን ዳበሳት፤ «እባብ!» ብላ የአያቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ያን ዓመት አልገባም አለች። በዓመቱም መጥታ አልገባም አለች። ጎሚስታው ጎማ ላይ አስቀምጦ ሊያንሳፍፋት ሞከረ፤ እግሯን ሰብስባ እንደ ድመት ተጠቅልላ ቀረች። አንድ ቀን ዳር ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ልጅቷ የአያቷን ቦቲ እየነካካች፣ «እማማ፣ አንቺን እወድሻለሁ፤ ወንዝሽን ግን አልወደውም» አለቻት።

የልጅ ቃል ነው፣ ይታለፋል። እትዬ ቦቲ ግን ማለፍ አቃታት። ዕድሜዋን የሰጠችውን ነገር፣ የዕድሜዋ ፍሬ ፊቷ ላይ ጠላችባት።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ልጅቷ ልትመጣ ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ የድልድዮቹ እንጨት ሊታደስ መዝናኛው ለዐሥር ቀን ተዘጋ። ጠራቢዎቹ ላይኛው ድልድይ ላይ ነበሩ፤ ወደ እጥፋቱ የሚመጣ አልነበረም። እትዬ ቦቲ ማጭዷን ዛፍ ላይ ሰቅላ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጎንበስ አለችና ሣሩን ከሥሩ ነቀለች። ጠዋት ጠዋት፣ በእጇ፣ ጭብጥ በጭብጥ። ሥሩ ሲወጣ አሸዋው ትንሽ ጉም ሠርቶ ይበተናል፤ ጉሙን ላለማየት ቀና ትላለች። በዐሥሩም ቀን አልዘፈነችም። የነቀለችውን ከታጨደው ክምር ሥር ደበቀችው። «አንድ እጥፋት ናት፣ ከዚህ ሁሉ ወንዝ አንድ እጥፋት ምን ታጎድላለች?» እያለች ራሷን ታባብል ነበር። ሲያልቅ የእጥፋቱ ሥር እንደ ተነጠፈ አንሶላ ነጭ አሸዋ ሆነ።

መዝናኛው ሲከፈት ሰው ሁሉ ተደነቀ። ሥራ አስኪያጁ፣ መነጽር ያደረገ፣ ትሑት፣ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ዓመቱ የሆነ ወጣት፣ ዳር ድረስ መጥቶ «እትዬ፣ መስታወት አድርገውታል እኮ» አላት። ትንሿም መጣች፣ አየች፣ አንድ እግሯን አስገባች፣ ሁለተኛውን አስገባች። በሦስተኛው ሳምንት እንደ ዳክዬ ጫጩት እግሯን እያወራጨች ከዳር እስከ ዳር ዋኘች። እትዬ ቦቲ አጨብጭባ ሳቀች። ጎሚስታው ግን አላጨበጨበም። አሸዋውን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና «እህት ዓለም፣ ሣሩ የት ሄደ?» አላት። «አርጅቶ ነው» አለችው። እሱም የእሷን ቃል አምኖ ሄደ።

ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። መጀመሪያ የጎደለው በጣት ልክ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። ሣሩ ለካስ እንደ ብዙ ትንንሽ እጆች ውሃውን ወደ ኋላ ይዞ፣ ከፍ አድርጎ ያቆየው ነበር። እጆቹ ሲነቀሉ ውሃው ፈጠነ፤ ሲፈጥን ሳሳ። በሁለተኛው ወር እጥፋቱ ላይ የሕፃን ደረት ይደርስ የነበረው ውሃ ከሕፃን ጉልበት በታች ሆነ። ከእጥፋቱ በላይ ያለውም ተከትሎ ወረደ። የሚይዘው ሥር ያጣው አሸዋ ደግሞ ተነሥቶ ወደ ታች ተጓዘ፤ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበትን ጠጠር አለበሰው፤ ከእጥፋቱ በታች የነበረውንም ሣር ቀበረው። ዓሣ ሲጠፋ፣ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ትጠብቅ የነበረችው ሰማያዊ ወፍም ቅርንጫፏን ትታ ሄደች። ጎማ ላይ የጋደሙ ሰዎች መሐል ላይ ከድንጋይ ጋር እየተጋጩ፣ እየተነሡ፣ ጎማቸውን ተሸክመው በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። ያ ዝምተኛ ወንዝም ድምፅ አወጣ። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ፤ ድንጋዩ ሁሉ ራቁቱን ወጥቶ ወንዙ ቀንና ሌሊት ይጮኽ ገባ።

ትንሿ ወደ ከተማ ልትመለስ ሁለት ቀን ሲቀራት እጥፋቱ መሐል ቆመች። ውሃው ከጉልበቷ አልደረሰም። «እማማ፣ ውሃው የት ሄደ?» አለች። አያት እጇን ይዛ ከውሃው አወጣቻት።

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ በዕቃ ቤቱ አዳራሽ ሰበሰበ። የፕላስቲክ ወንበሮች ተደረደሩ፤ ጥበቃዎቹ፣ ጽዳቶቹ፣ ትኬት ቆራጩ፣ ጎሚስታው፣ እትዬ ቦቲ ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ ውሃው በየሳምንቱ ስንት እንደወረደ አንብቦ ሲጨርስ ምክንያቱንም እንደደረሰበት ተናገረ። ዘንድሮ ጎማ የሚከራየው ሰው እጥፍ ሆኗል፤ በጎማዎቹ ገመድ ላይም የተጠለፈ ሣር ተገኝቷል፤ ስለዚህ ሣሩን የጨረሰው ጎማ ነው አለ። በቁጣ አልነበረም፤ ያገኘውን ይዞ ነው የተናገረው።

ጎሚስታው ተነሣ። ጎማ ሣር ይቆርጥ ይሆናል እንጂ ሥር አይነቅልም፣ ከላይ ተንሳፍፎ የሚሄድ ነገር ከመሬት በታች ያለውን በምን እጁ ይነቅላል ብሎ ተከራከረ። ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። «እህት ዓለምን ጠይቋት። ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሷ ያለችው ይሁን» አለና ተረጋግቶ ቁጭ አለ።

ሥራ አስኪያጁም ጠየቃት። አዳራሹ ጸጥ ሲል ውጭ የሚጮኸው ወንዝ ይሰማ ነበር። እትዬ ቦቲ ጣራ ጣራውን አየች። ሠላሳ ሁለት ዓመት የኖረችበት ስም፣ ማጭዱ፣ ውሃው፣ ሁሉም በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥለው ታዩአት። እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ጎማም ይነቅላል» አለች።

ይኸው ነው ያለችው። ከዚህ በላይ መጨመርም አላስፈለገም።

ጎሚስታው በሳምንት ውስጥ ዕቃውን እንዲያነሣ ተነገረው። አልተሟገተም። በመጨረሻው ቀን ዳር ላይ ተቀምጦ የአርባውን ጎማ ነፋስ አንድ በአንድ አስተነፈሰ። እትዬ ቦቲ ውሃ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታው ታጭድ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ጎማ ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ ሲሞት ሰማች። አርባ ጊዜ።

ባሏ ነገሩን ያወቀው በዚያው ቀን ራት ላይ ነው። ጉርሻዋ ከእጇ ወደቀ፤ ምን ሆነሽ ሲላት ሁሉንም ነገረችው። ትኬት ቆራጩ ሰላም የሚወድ ሰው ነው። አሰበ፣ አሰበና «ተይው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አላት።

«ዝንቡማ ገብቷል» አለች። «መውጫ አጥቶ ነው እንጂ።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ መናገር ከባድ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ትመጣና ከላይ ከጤናማው ሣር ጥቂት ጥቂቱን ከነሥሩ እያነሣች እጥፋቱ ላይ ለመትከል ትታገላለች። በድንጋይ አሰረችው፤ ውሃው ወሰደው። በጆንያ አሸዋ ሞልታ፣ ጆንያውን በስታ፣ ሥሩን አስገባችበት፤ ይኼ ይሆን ነበር፤ ግን ጆንያውን ከወንዙ ሥር የሚያስተካክል አንድ ሰው፣ ሣሩን የሚሰካ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ለብቻ ሲሆን ጆንያው ይገለበጣል። እንደምንም ያቆመችው ሲወሰድባት፣ በሚጮኸው ውሃ መሐል ቆማ ለራሷ ብቻ ታንጎራጉር ነበር፦

ወንዝስ ሲጎድልበት ይጮኻል በድንጋይ፣
ሰው ሲጎድል ዝም ነው፤ የእኔስ ነገር ወይ ወይ።

ዜማ ግን ኃጢአት አያጥብም። አንድ ቀን ቦቲዋን እንዳደረገች ከወንዙ ወጥታ፣ በዚያው እርጥበቷ በአስፋልቱ ዳር እያንጠባጠበች ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄደች። ሰው ዞር እያለ አያት። ጎሚስታው እዚያ፣ በሌላ ሰው ጎማ ቤት ተቀጥሮ እንደሚሠራ ሰምታ ነበር።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጥቁር ግድግዳ፣ የሚያጓራ የነፋስ መሙያ፣ የማስቲሽ ሽታ። ጎሚስታው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የተነፋ ላስቲክ በውሃ ገንዳ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳ ይፈልጋል። ቀና ብሎ አያት።

«ምን ልታዘዝ? ጎማዎ ተንፍሶ ነው?» አላት።

እንደ ማንኛዋም ደንበኛ። በዕድሜዋ «እርስዎ» ብሏት አያውቅም ነበር። ልትቀመጥበት የምትችል አንድ ባዶ የጎማ ቸርኬ ነበር፤ ተቀመጪ አላላትም፤ እሷም አልተቀመጠችም።

«ሣሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለችው።

እጁ ገንዳው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ላስቲኩን እንደገና ማዞር ጀመረ። እሷ ሁሉንም ዘረገፈችለት፤ ዐሥሩን ጠዋት፣ የደበቀችውን ሥር፣ ያየችውን ጣራ። ስለ ትንሿ ግን አላነሣችም፤ በልጅ መሸፈን አስጠላት።  ከገንዳው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚል የነፋስ አረፋ ወጣ።

«ይኸውልሽ» አለ ጎሚስታው አረፋውን በጣቱ እያሳየ፤ «ላስቲክ እንኳ ውሃ ውስጥ ሲገባ የት ጋ እንደተቀደደ ይናገራል። አንቺ ሠላሳ ዓመት ውሃ ውስጥ ኖረሽ አልተናገርሽም።»

«እውነትህን ነው።»

«እኔ እኮ ጎማዎቼ አይደሉም የቆጩኝ። ምስክር አድርጌ የጠራሁት አንቺን ነው። ዓይንሽን ስፈልገው ጣራ ላይ ነበር።»

ይቅርታ አድርግልኝ አለችው። ላስቲኩን ከገንዳው አውጥቶ በጨርቅ አደረቀ፤ ቀዳዳዋ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ።  ለእኔ መንገርሽ ምን ይረባኛል፣ እኔማ አለመንቀሌን መች አጣሁት አላት። «ያን ቃል ያልሽበት አዳራሽ እዚያው አለ። ወንበሩም አለ። እዚያ ሄደሽ መልሺው።»

በማግሥቱ እትዬ ቦቲ ሥራ አስኪያጁን አስፈቅዳ ሠራተኛው እንዲሰበሰብ አደረገች። ጎሚስታውም እንዲጠራ ለመነች፤ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ፣ አልተቀመጠም። እሷ ያን ዕለት በተቀመጠችበት ወንበር ፊት ቆመች። ባሏ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል።

ጣራውን አላየችም። «ሣሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ። በእጄ፣ ከሥሩ፣ ድልድዩ ሲታደስ። ጎማ አይነቅልም። ያን ቀን ዋሽቻለሁ፤ በእሱ ላይ ነው የዋሸሁት» አለች።

 ከጽዳቶቹ አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ያለ መነጽር ከዕድሜውም ያነሰ ልጅ መሰለ። ለምን እንዳደረገችው ጠየቃት። «ምክንያቴማ የራሴ ነው፤ እንዲያምር ፈለግሁ» ብላ ብቻ መለሰች። ያኔ ባሏ ሳይጠየቅ ተነሣ። «እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። እንዲያውም ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። ይጻፍልኝ» አለና፣ የት እንደሚጻፍ ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ። አንዱ ጥበቃ ሳቁ አመለጠው፤ እሷም በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች።

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን መልሶ አደረገ። መጀመሪያ ወደ በሩ ዞሮ ጎሚስታውን በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀው፤ ሳላጣራ ፈረድኩብህ አለው። ጎማዎቹ ግን ውሃው ካልተመለሰ አይንሳፈፉም፤ ውሃው ደግሞ ሣሩ ካልተተከለ አይመለስም። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ የሣሩን ሥራ፣ ከነደመወዙ፣ ጎሚስታው እንዲይዘው ጠየቀው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። ከሥራ አላስወጣትም፤ ፍርዱ ግን ከዚያ የከፋ ነበር።

«እትዬ፣ ይህን ዓመት ውሃ ውስጥ አይገቡም» አላት።

አንገቷን ደፋች። ማጭዱን ራሷ አምጥታ ለጎሚስታው ሰጠችው። ሳያመሰግን ተቀበላት።

እሷን ትኬት መስኮቷ ውስጥ ከባሏ ጎን አስቀመጧት። ቦታዋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ክርን ለክርን ይጋፋባታል። በሁለተኛው ቀን ባሏ ተነሣና «አንቺ ቁረጪ፤ እዚያ ሁለተኛ ሰው ጠፍቷል አሉ» ብሎ ወጣ። የእሷን ቦቲ አድርጎ ነበር፤ ስለጠበበው ጣቱን አጥፎ ይራመዳል። ውሃው ጉልበት ስለማይደርስ ነው የደፈረው። ከመስኮቷ አንገቷን አውጥታ ስታይ፣ ሠላሳ ዓመት ሲሸጠው የኖረው ወንዝ ውስጥ እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ፣ ጆንያ ላይ ቆሞ አየችው። ሳቋንም እንባዋንም አንድ ላይ ዋጠች።

ሁለቱ ወንዶች ሣሩን አያውቁትም። ጆንያውን ወንዙን አቋርጠው እንደ ግድብ ደረደሩት፤ በማግሥቱ ውሃው ከጎንና ከጎን በርቅሶ ግማሹን ገለበጠባቸው። እንደገና ሠሩት፤ እንደገና ሄደ። ምሳ ሰዓት ሲሆን መስኮቷን ዘግታ ወደ ዳር ትወርዳለች፤ ከአፈሩ ሳትወርድ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ትቆማለች። ስሕተታቸው ሁሉ ይታያታል። አትናገርም። በአፏ ያጠፋችው እሷ፣ በምን አፏ ታዝዛለች? ጎሚስታው ዞር ብሎም አያያትም። ባሏ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን እያየ ይቁለጨለጫል።

ሳምንት እንዲህ ሄደ። በስምንተኛው ቀን ጎሚስታው አንድ ጭብጥ ሣር ይዞ ጎንበስ ብሎ ሲሰካ፣ ሥሩ ከጆንያው ሾልኮ በእግሮቹ መሐል አለፈ። ሊይዘው ዞሮ ተደናቀፈና እስከ አንገቱ ራሰ። ተነሣ። ውሃው ከቅንድቡ እየተንጠባጠበ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ዳር አያት።

«ዝም ብለሽ ነው የምታይኝ?» አላት። «ተናገሪ እንጂ።»

እትዬ ቦቲ ጉሮሮዋን ጠረገች። ጆንያውን ሰያፍ እንዲያስቀምጡት፣ ውሃውን እንዳይገጥሙት፣ እንዲሸነግሉት ነገረቻቸው። ከየት በኩል ያለው ሣር ጠንካራ ሥር እንዳለው፣ በስንት ጣት ጥልቀት እንደሚሰካ፣ ከተሰካ በኋላ በመዳፍ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀጠቅ ነገረቻቸው። የምሳ ሰዓቷ አልፎ በመስኮቷ ፊት ሰው ተሰልፎ ሲጣራ እየሰማች ተናገረች። ጎሚስታው እያንዳንዱን «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ ይሠራ ነበር፤ እሷም ድምፅዋ እስኪሰለል ድረስ፣ የቀረ ነገር እንዳይኖር እየፈራች፣ ተናገረች።